ዳቦ ጋጋሪው ፕሮፌሰርና ክራር ደርዳሪው አመልካች

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በጦስኝ ዘይት ላይ ነው። አሁን ለፒኤችዲ ወደ ውጭ ለማመልከት ስፈልግ አሜሪካ የሚገኝ አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር አገኘሁ። ተርፔን የሚባሉትን የዕፅዋት ውህዶች በላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው። የሥራው ነገር ደስ አለኝ፣ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳነብ ግን ልቤ ቀዘቀዘ። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሠርቷል፣ ዙሪክ ሄዶ ፖስት ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ያለ የምርምር ሥራ) ሠርቷል፣ ኬሚስትሪን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር ይላል። ከታች ደግሞ ትርፍ ጊዜውን ዳቦ በመጋገር፣ ተራራ በመውጣትና በመዘምራን ቡድን ውስጥ በመዘመር እንደሚያሳልፍ ተጽፏል።

እኔ ኬሚስትሪን መርጬው አይደለም። ምኞቴ ሕክምና ነበር፤ ውጤቴ አልደረሰም፣ ምደባ ሲወጣ ኬሚስትሪ ደረሰኝ። መጀመሪያ ላይ እያለቀስኩ ነው የተማርኩት። ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ሲ አለብኝ። ትምህርቱን የወደድኩት ጦስኙን ሳፈላ የዘይቱ ጠብታ ከውሃው በላይ ተንሳፎ ያየሁ ቀን ነው። ክራር እጫወታለሁ፤ ሠርግና ዝግጅት ላይም ይጋብዙኛል። አማካሪዬ የነበሩት መምህር ግን «ይህን ሲቪህ ላይ እንዳትጽፍ፣ አዝማሪ ይሉሃል» አሉኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ራስ ዳሽን ወጥቻለሁ በለው፤ ተራራ ወዳድ ሰው ይቀበልሃል» ይለኛል። ራስ ዳሽንን የማውቀው በፎቶ ነው። የሰውየውን የትምህርት ታሪክ እንዴት ልረዳው? የግል ዝንባሌውንስ? የእኔንስ ምን ላድርገው?

ባለ ጦስኙ፣ ከሰሜን ሸዋ»

መልስ፦

ወንድሜ ባለ ጦስኙ፣

ከአክስትህ ልጅ ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ራስ ዳሽን ወጥቻለሁ ብለህ እንዳትጽፍ። ፕሮፌሰሩ ፍላጎት ካሳየ ቀጥሎ የሚመጣው የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ስለ ተራራ መጠየቅ አይሰለቸውም። ከደባርቅ ተነስቶ ስንት ቀን ይፈጃል? ሌሊቱ እንዴት ነው? ጭላዳ አየህ? ይህን ሲጠይቅህ ፎቶው አያድንህም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጦስኝ የነገርከው እውነትም አብሮ ይጠረጠራል። የአክስትህ ልጅ ለክፋት እንዳላሰበው አውቃለሁ። እዚያ ያለ ዘመድ ምክር የሚያዋጣው ግን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ክረምት ልብስ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ፕሮፌሰሩ። ልብህን ያቀዘቀዘው የዩኒቨርሲቲዎቹ ስም አይመስለኝም፤ «ከልጅነቱ ጀምሮ» የሚለው ነገር ነው። እሱ በፍቅር ገባ፣ አንተ በምደባ። ነገር ግን እንዲህ ያለ አጭር የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። መድረሻው ከታወቀ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ያመራ ይመስላል። ያልተሳካው ዓመት፣ የተቀየረው አማካሪ፣ ልተወው ነው የተባለበት ምሽት በሁለት አንቀጽ ውስጥ ቦታ አያገኙም። የአንተን ሰው ስለማላውቀው አልፈርድበትም። ይልቅ መንገዱን ሳያስተካክል ከነጠማማው የጻፈልንን አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ላሳይህ፤ ሮልድ ሆፍማን ይባላል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ታሪኩ በአጭሩ ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ከኮሎምቢያ በ1958፣ ዶክትሬት ከሃርቫርድ በ1962፣ ከ1965 ጀምሮ የኮርኔል መምህር፣ በ1981 ከጃፓናዊው ኬኒቺ ፉኩይ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ። የግል ዝንባሌ፦ ግጥምና ተውኔት። ይህን ብቻ ብታነብ «ይህስ በወርቅ ማንኪያ ያደገ ነው» ትላለህ።

ሲዘረዘር ግን ሌላ ነው። በ1937 የተወለደው ያኔ ፖላንድ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በምትገኝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ናዚዎች አካባቢውን ሲይዙ ቤተሰቡ የጉልበት ሥራ ካምፕ ገባ። አባቱ ልጁንና ሚስቱን ከካምፑ አሹልኮ አስወጣቸውና አንድ ዩክሬናዊ መምህር በትምህርት ቤት ጣሪያ ሥር ደበቃቸው። አባት ራሱ ወደ ኋላ ቀርቶ እስረኞች የሚያመልጡበትን ዕቅድ ሲያቀናጅ ተደርሶበት በ1943 ተገደለ። ሆፍማን የሚለው ስም እንኳ የእንጀራ አባቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በስደተኛ ካምፖች ሲንከራተቱ የማሪ ኩሪንና የጥቁር አሜሪካዊውን የግብርና ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን የሕይወት ታሪክ በጀርመንኛ አነበበ። በ1949 አሜሪካ ሲደርስ እንግሊዝኛ ስድስተኛ ቋንቋው ነበር። አንተ ስለ እንግሊዝኛህ ምንም አላልክም፤ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎ ስለ እንግሊዝኛው የማይጨነቅ ሰው አላጋጠመኝምና እግረ መንገዴን ጠቀስኩት።

ኮሎምቢያ የገባው ሕክምና ለመማር እየተዘጋጀ ነው። አዎ፣ እንዳንተው። እዚያ ሆኖ ልቡን የሰረቀው ደግሞ ኬሚስትሪ አልነበረም፤ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ፣ ግጥምና የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበር። ወደ ሥነ ጥበብ ታሪክ ሊዛወር ጥቂት እንደ ቀረው ራሱ ጽፏል። በኬሚስትሪ ያቆየው የክፍል ትምህርቱ ሳይሆን በክረምት ዕረፍት በመንግሥት ላብራቶሪዎች ያገኘው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ምን ላይ ነበር መሰለህ? ሲሚንቶ! በሲሚንቶ ውህዶች ሙቀት ልኬት የጀመረ ሰው ነው ኋላ የሞለኪውሎችን ኤሌክትሮን ባሕርይ በወረቀትና በኮምፒውተር ተንትኖ ኖቤል የተሸለመው። አንተም የወደድከው ጠብታዋን ስታይ ነው። በፍቅር ጀምሮ ላብራቶሪ የገባ ሳይሆን ላብራቶሪ ገብቶ ፍቅር የያዘው ሰው ብቻህን አይደለህም።

ቀጥሎ ያለው ለአመልካች ይበልጥ ይጠቅማል። ሃርቫርድ ሲገባ ዊልያም ሞፊት ከሚባል ወጣት የቲዎሪ ሊቅ ጋር ለመሥራት ቆርጦ ነበር፤ ሞፊት በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ሞተ። ወደ ሌላ መምህር ሄደ። መሃል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ሞስኮ ተቀመጠ። ሲመለስ እንደገና አማካሪ ቀየረና ከዊልያም ሊፕስኮም ጋር ጨረሰ። በታሪኩ ላይ የምትቀረው ግን «ሃርቫርድ፣ 1962» የምትለው ብቻ ናት። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ተስፋህን አትጣል። ያ ፕሮፌሰር ሊታመም፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር፣ የምርምር ገንዘቡ ሊያልቅበት ይችላል። የምታመለክትበት ዲፓርትመንት ውስጥ እሱ ባይኖር እንኳ አብረሃቸው ልትሠራ የምትፈልጋቸው ሌሎች መምህራን ከሌሉ ቦታውን ተወው።

እኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ ዘር ይቆጥራል፤ ኬሚስቶችም እንደዚያው ናቸው። ማን ማንን አስተማረ እያሉ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ሆፍማን የሊፕስኮም ተማሪ ነው፤ ሊፕስኮም የላይነስ ፖውሊንግ፤ ፖውሊንግ የሮስኮ ዲኪንሰን፤ ዲኪንሰን የአርተር ኖይስ፤ ኖይስ የጀርመኑ የቪልሄልም ኦስትቫልድ። ከስድስቱ አራቱ የኬሚስትሪ ኖቤል አላቸው፤ ኦስትቫልድ በ1909፣ ፖውሊንግ በ1954፣ ሊፕስኮም በ1976፣ ሆፍማን በ1981። ይህን የምነግርህ እንድትደነግጥ አይደለም። ሊፕስኮም ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሙዚቃ ስኮላርሺፕ ነው፤ ክላርኔት ተጫዋች ነበር። ለዶክትሬት ካልቴክ ሲገባም የተመዘገበው ለፊዚክስ ነበር፤ ኬሚስት ያደረገው ፖውሊንግ ነው። አማካሪህ «አዝማሪ» የሚሉትን ዓይነት ሰው ከዚያ ሁሉ የኖቤል ሰንሰለት መሃል ታገኘዋለህ።

የዘር ቆጠራው ጥቅም ሌላ ነው። ተማሪ ከአማካሪው የሚወርሰው ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የጥያቄ አጠያየቁን ነው። (ሁሉን ነገር ይወርሳል ማለት አይደለም። የፔኒሲሊንን ቅርጽ የፈታችው ዶረቲ ሆጅኪን የለየላት ግራ ዘመም ነበረች፤ ኦክስፎርድ ላይ የምርምር ሥራ ካሠራቻቸው ተማሪዎች አንዷ ግን ኋላ የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት።) የአንተ ሰው ፖስት ዶክ የሠራው ዙሪክ ነው ብለሃል። ዙሪክ ለተርፔን ሰዎች ተራ ከተማ አይደለችም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 ኖቤል ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ እዚያ በተርፔን ላይ የሠራው ነው። ተርፔኖች አምስት አምስት ካርቦን ካላቸው አይሶፕሪን የሚባሉ ቁራጮች ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው የሚለውን ሕግ በስፋት ያጸናው እሱ ነው። የጦስኝህ ዘይት ውህድ የሆነው ቲሞል አሥር ካርቦን ነው ያለው፤ ሁለት አምስት። ስለዚህ «ዙሪክ» የሚለውን ስታነብ መቅናትህን ተውና እዚያ በማን ላብራቶሪ እንደ ሠራ፣ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ፈልግ። ዶክትሬቱን ምን ላይ ሠራ? ፖስት ዶኩ ምን ጨመረበት? የራሱን ላብራቶሪ ሲከፍት ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎችና ያለፉት ሦስት አራት ዓመታት ጽሑፎቹ ምን ያህል ይለያያሉ? አሁን የሚሠራው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ብዙ አመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ከአሥር ዓመት በፊት የተወውን ሥራ እያደነቀ ይጽፍለታል።

ማዕረጉንም እይ። ረዳት ፕሮፌሰር ከሆነ ላብራቶሪው አዲስ ነው፤ ቋሚነት የሚወሰንበት ጊዜ ስለሚያሯሩጠው ተማሪዎቹ አጠገብ ይውላል፤ ቶሎ ያስተምርሃል፣ ቶሎም ያስጨንቅሃል። ሙሉ ፕሮፌሰር ከሆነና ላብራቶሪው ሰፊ ከሆነ በየቀኑ የምታገኘው ፖስት ዶኮቹን ነው። የትኛው እንደሚሻልህ አንተ ታውቃለህ። ጽሑፎቹ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው የማን ስም እንደሆነ፣ ተማሪዎቹ ከጨረሱ በኋላ የት እንደ ገቡ፣ በምስጋናው ክፍል ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ ተመልከት። ይህ ሁሉ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ስም ይልቅ ስለ ሰውየው ይናገራል።

አንተስ ዘር የለህም? አማካሪህን ማን ዘንድ እንደ ተማሩ ጠይቃቸው። እዚህ አገር የዕፅዋት ኬሚስትሪ የተማረ ሰው መስመሩን ወደ ኋላ ቢቆጥር ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል፤ እዚያም እንደ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በአገራችን መዓዛማና መድኃኒት ዕፅዋት ላይ ያሳለፉ፣ እንደ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝም ያሉ፣ ኋላ የአፍሪካ የሳይንስ አካዳሚን የመሩ ሰዎች ይገኛሉ። ደብዳቤህ ላይ ዘር ቁጠር አልልህም። ሥራህ ከምን ላይ እንደ ቆመ ማወቅህ ግን በቃለ መጠይቅ ይታያል።

ወደ ዳቦው፣ ተራራውና መዝሙሩ እንምጣ። ፕሮፌሰሮች ይህን የሚጽፉት አንዳንዱ ደስ ብሎት፣ አንዳንዱ ዲፓርትመንቱ ጻፉ ስላለው ነው። ከዚህ ተነስተህ ባሕርይ አትተንትን። ቅዳሜ ተራራ ወጥቶ እሑድ ተማሪው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲገኝ የሚጠብቅ አለ፤ ምንም ዝንባሌ ሳይጽፍ ተማሪዎቹን በጊዜ ወደ ቤት የሚልክም አለ። የላብራቶሪው ሕይወት እንዴት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ ተማሪዎቹን ጠይቅ፤ የቀድሞዎቹ ደግሞ ከአሁኖቹ ይልቅ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ሆኖም ዝንባሌው ከሥራው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ማለትም አይቻልም። ዶረቲ ሆጅኪን ካይሮ ተወልዳ፣ አባቷ ሱዳን ውስጥ በትምህርትና በቅርስ ጥበቃ ሲሠራ፣ በ13 ዓመቷ ካርቱም ልትጠይቃቸው ሄዳ ሳለ ነው አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረ የአፈር ኬሚስት ማዕድን እንዴት እንደሚመረመር ያሳያት። ወላጆቿ ወደ አርኪዮሎጂ ሲገቡ ዮርዳኖስ ውስጥ ጀራሽ በምትባል ጥንታዊ ከተማ የተገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ወለሎችን የሞዛይክ ሥዕል እየለካች በወረቀት ገለበጠች። ኬሚስትሪን ትታ አርኪዮሎጂስት ልትሆን ዳድቷት ነበር። ኦክስፎርድ ስትማርም ከዚያው ሞዛይክ የመጡ ባለቀለም የመስታወት ቁራጮችን ኬሚካላዊ ይዘት መርምራለች። ተደጋግሞ የሚሄድ ቅርጽ ማየት የለመደ ዓይን ኋላ በክሪስታል ውስጥ የአተሞችን አሰላለፍ ማንበቡ አያስገርምም። በ1964 የኖቤሉ ዜና ሲደርሳት የነበረችው ባሏ የሚሠራበት ጋና ነው።

ሩዚችካም ያንን የተርፔን ሥራ ሲሠራ በጎን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሥዕሎች ይሰበስብ ነበር፤ ስብስቡን ለዙሪክ የሥነ ጥበብ ቤት ሰጥቷል። ይህ ከቲሞል ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም፤ ሰውየው ሥዕል ይወድ ነበር፣ በቃ።

ለአንተ የሚቀርበው ግን ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦሮዲን ነው። በ1833 ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ፤ የጆርጂያ መስፍን ልጅ ሆኖ ሳለ ከጋብቻ ውጭ በመወለዱ በመስፍኑ ገባር ስም ተመዘገበ። ሐኪምነት ተማረ፣ ወደ ኬሚስትሪ ዞረ፣ በ1864 ፕሮፌሰር ሆነ። አንተ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ያስተማርከው የአልዶል ሪአክሽን (ሁለት የካርቦን ውህዶች የሚገጣጠሙበት) ከፈረንሳዊው ቩርትስ እኩል በ1872 የእሱም ነው። ሙዚቃ ደግሞ ይደርሳል። መምህሩ ኒኮላይ ዚኒን ምን አለው? አቶ ቦሮዲን ዘፈኑን ቀነስ ያድርጉ፤ እኔ ወራሼ ይሆናሉ ብዬ ተስፋዬን ጥዬብዎታለሁ፣ ሁለት ጥንቸል በአንድ ጊዜ አይታደንም አለው። የአንተም አማካሪ ያሉህ ይህንኑ ነው፤ አባባሉ ብቻ ነው ያገራችን።

ዚኒን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልህም። ቦሮዲን «ልዑል ኢጎር» የሚለውን ኦፔራ በ1869 ጀምሮ በ1887 ሲሞት አልጨረሰውም ነበር፤ ያጠናቀቁለት ሪምስኪ ኮርሳኮፍና ግላዙኖፍ ናቸው። በብርዱ ወራት ሙዚቃ መጻፍ የሚችለው ታሞ ማስተማር ሲያቅተው ብቻ ስለነበር ወዳጆቹ ጤና ይስጥህ በማለት ፋንታ ሕመም ይላክልህ ይሉኛል ብሎ ቀልዷል። በዚያ ላይ ሴቶች ሕክምና የሚማሩበትን ኮርስ ለማቋቋም ይሯሯጥ ነበር። ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው። ነገር ግን ከሁለት ያጣ ጎመን አልሆነም፤ ኬሚስትሪውም ሙዚቃውም ዛሬ ድረስ አለ። አንተም ዶክትሬት ስትጀምር ሠርግ መሄዱ ይቀንሳል፤ ክራሩን ግን የሚያስጥልህ ነገር አይታየኝም። ሆፍማን ግጥም መጻፍ የጀመረው ሃያዎቹ ውስጥ ሳይሆን ፕሮፌሰር ከሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ሲታተም ኖቤሉን ካገኘ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በ2001 ደግሞ ከኬሚስቱ ካርል ጄራሲ ጋር «ኦክሲጅን» የሚል ተውኔት አሳተመ፤ ኦክሲጅንን ያገኘው በእርግጥ ማን ነው የሚለውን ክርክር መድረክ ላይ ያወጣ።

እናም ሲቪህ ላይ፣ ከታች፣ በአንድ መስመር ጻፈው። «ሙዚቃ» ብለህ አትለፈው፤ ሙዚቃ የማይወድ ማን አለ? ክራር እጫወታለሁ፣ ከዚህ ዓመት ጀምሮ፣ በእንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ በል። «አዝማሪ ይሉሃል» ለተባለው፣ እዚያ ያለው አንባቢ ያንን ንቀት አያውቀውም። እዚህ ያለነው ደግሞ ብንተወው ደግ ነበር። ሲቪውን አልፎ ለፕሮፌሰሩ የምትጽፈው ኢሜይል ውስጥ ግን ክራሩን አታስገባው። የእሱንም ዳቦና መዝሙር አታንሳ። የማታውቀው ሰው ስለ ቤትህ ዳቦ ሲጽፍልህ ምን እንደሚሰማህ አስበው።

ስለ ሲው ብዙ አልልም። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የሚባለው የሲንተሲስ (ውህዶችን በላብራቶሪ የመሥራት) ኬሚስት ሮበርት ውድዋርድ (ሆፍማን ስመ ጥር የሆነበትን ሕግ አብሮት ያወጣው ነው) በ16 ዓመቱ ኤምአይቲ ገብቶ ትምህርቱን ችላ በማለቱ በ1934 ተባሯል። በዓመቱ መለሱት፤ በ1937 በ20 ዓመቱ ዶክተር ሆነ። አንተ ውድዋርድ ነህ እያልኩህ አይደለም፤ ማንም አይደለም። አንድ ሲ ግን ከተከተሉት ውጤቶች ጋር ነው የሚነበበው። ራስህ አታንሳው፤ ከጠየቁህ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስና እለፍ።

ምደባውን ግን በዓላማ መግለጫህ ውስጥ ጻፈው። ለቅሶውን ቀንስ። ሕክምና ፈልጌ ነበር፣ በመንግሥት ምደባ ኬሚስትሪ ደረሰኝ፣ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠብታዋ ሂድ። ለእኔ በጻፍከው ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ አንተ ግን ለምክንያት ያህል ጣል አድርገኸው አልፈሃል። ስንት ኪሎ ጦስኝ ነበር? ከየት ተራራ ተለቀመ? ዘይቱን ያወጣህበት ክሌቨንጀር ስንት ሰዓት ፈላ? የዘይቱን ውህዶች የሚለየው የጂሲ ኤምኤስ መሣሪያ ላይ ተራ እስኪደርስህ ምን ያህል ጠበቅህ? «ከልጅነቴ ጀምሮ ኬሚስትሪ እወድ ነበር» የሚል አመልካች ሞልቷል። ይህን የሚጽፍ ግን አንተ ብቻ ነህ።

ለፕሮፌሰሩ የምትልከው ኢሜይል አጭር ይሁን፤ በስልክ ማያ ገጽ ላይ ሳይንሸራተት የሚነበብ። ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደ ሠራህ፣ ከቅርብ ጽሑፎቹ የትኛውን እንዳነበብክና አንድ እውነተኛ ጥያቄ። ጥያቄው በእጅህ ነው። በጦስኝ ዘይት የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል አንድ ዓይነት ፎርሙላ አላቸው፣ ልዩነታቸው የኦኤች (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን) ቡድኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የአገራችን ጦስኝ ደግሞ ከቦታ ቦታ አንዱ ጋ ቲሞል፣ ሌላው ጋ ካርቫክሮል ያይልበታል። ተክሉ ያችን ቡድን እዚህ ወይም እዚያ የሚያስቀምጥበትን ምክንያት፣ እሱ በብልቃጥ ውስጥ ተርፔን ሲሠራ ከሚገጥመው ምርጫ ጋር አያይዘህ ብትጠይቀው ሰውየው ቆም ብሎ ያነባል። ባይመልስ አትቀየም፤ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አስታውሰውና ተወው።

አሜሪካ ውስጥ በኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበልህ ኮሚቴው እንጂ ፕሮፌሰሩ ብቻውን አይደለም፤ አማካሪ የሚመረጠውም ብዙ ጊዜ ከገባህ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የተቀበሉህ እንደሆነ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ደመወዝ ይከፈልሃል፤ ስለዚህ ከኪስህ ክፈል የሚልህን ፕሮግራም ተጠራጠር። የማመልከቻው ክፍያ ከከበደህ እንዲነሳልህ ምዝገባ ክፍሉን በጊዜ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይህን ያደርጋሉ። ቀኑ በአመዛኙ በፈረንጅ ዲሴምበር ውስጥ ነው የሚዘጋው። ጀርመንንም አትርሳ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ቀጥሮ የሚያስገባህ ራሱ ፕሮፌሰሩ ስለሆነ ኢሜይሉ የበለጠ ክብደት አለው፤ ሁለተኛ ዲግሪህም እዚያ ይጠየቃል።

አማካሪህን የድጋፍ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ጠይቃቸው፤ በመጨረሻዋ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ በሦስት መስመር ነው የሚያልቀው። ሲያገኙህ የጦስኙን ሥራ ዝርዝር፣ ያነበብካቸውን ጽሑፎችና የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም በአንድ ወረቀት ጽፈህ ስጣቸው። የክራሯን መስመር ግን አታስፈቅዳቸው።